እያደር የጠራ ሥራ፤ የበስተር ኪተን የሕይወት ታሪክ

የሰው ሥራ ሁለት ጊዜ ይፈረድበታል። አንደኛው ፍርድ ሥራው በወጣበት ሰሞን በገበያ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ግን ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ሠሪው ሲያረጅ ወይም ሲሞት የሚሰጠው ነው። እነዚህ ሁለት ፍርዶች አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ፈጽሞ ይለያያሉ። እኔም ለዘንድሮው መጽሔታችን የበስተር ኪተንን የሕይወት ታሪክ የመረጥሁት፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለቱም ፍርዶች ሲሰጡ ስለሚታይ ነው። ይህ ሰው በ1926 ዓ.ም. «ጄኔራሉ» የተባለውን ድምፅ የሌለው አስቂኝ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ከሰረ፤ ክስረቱም የሠሪውን ነጻነት ይዞት ሄደ። ዛሬ ግን ይኸው ፊልም ሰዎች ከሠሯቸው ፊልሞች ሁሉ ከምርጦቹ መካከል ይቈጠራል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

የልጁ የልደት ስም ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን ነበር። የተወለደው ኦክቶበር 4 ቀን 1895 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። በዚያች መንደር የተወለደውም ወላጆቹ እዚያ ቤት ስለ ነበራቸው ሳይሆን፣ በጉዞ ላይ ሳሉ እናቱን ምጥ ስለ ያዛት ነው። አባቱ ጆ ኪተንና እናቱ ማይራ ኪተን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜም የሚሠሩት መድኃኒት ሻጮች ሕዝብ ለመሰብሰብ ከሚያዘጋጁት ትርኢት ጋር ነበር። በስተር የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው። ሕፃኑ ከደረጃ ላይ ተንከባሎ ወድቆ ምንም ሳይጎዳ ስለ ተነሣ ስሙ እንደ ወጣለት ቤተሰቡ ይተርክ ነበር፤ ቃሉ በመድረክ ሰዎች ዘንድ ከባድ አወዳደቅ ማለት ነበርና።

ዕድሜው ወደ አምስት ዓመት ሲጠጋ ከወላጆቹ ጋር በመድረክ ላይ መሥራት ጀመረ። ሦስቱ ኪተኖች እየተባሉም በብዙ ከተሞች ስማቸው ታወቀ። ትርኢታቸው የማይታዘዝ ልጅንና የተቈጣ አባትን የሚያሳይ ሲሆን፣ አባትየው ልጁን ብድግ አድርጎ ወደ መጋረጃው፣ አንዳንድ ጊዜም ሙዚቀኞቹ ወደሚቀመጡበት ስፍራ ይወረውረው ነበር። ለመወርወር እንዲመችም በልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶበት ነበር። ትንሹ በስተር እንዴት እንደሚወደቅ፣ ሰውነቱን መቼ እንደሚያላላና መቼ እንደሚያጠነክር የተማረው በዚህ ዓይነት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነበር። እሱ ራሱ ሲስቅ ተመልካቹ ዝም እንደሚል፣ እሱ ፊቱን እንደ ድንጋይ አጽንቶ ሲቆም ግን አዳራሹ በሳቅ እንደሚሞላ ተገነዘበ። ከዚያ ጀምሮ በሥራ ላይ መሣቅን ተወ። በኋላ በዓለም ሁሉ ባለ ድንጋይ ፊቱ ሰው ተብሎ የታወቀውም ስለዚህ ነው።

ይህን የልጅነት ታሪክ ሳነብ አድናቆትና ኀዘን በአንድነት ይሰማኛል። ሕፃናትን ለመጠበቅ የቆሙ ሰዎች ልጁ ተጎድቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ሰውነቱን ይመረምሩት ነበር፤ ይህን በማድረጋቸውም አልወቅሳቸውም። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። እኛ በክፍል ውስጥ የምናገኘውን ዕድል እሱ አላገኘም። በዚያም ላይ አባቱ እያደር መጠጥ አበዛ፤ መድረክ ላይ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ልጁን በሚወረውርበት ጊዜ አደጋው ምን ያህል እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ በ1917 ዓ.ም. በስተር የ21 ዓመት ወጣት ሳለ የሦስቱ ኪተኖች ማኅበር ፈረሰ።

ወጣቱ ወደ ኒው ዮርክ ሄደና በአንድ ትልቅ ትርኢት በሳምንት 250 ዶላር ሊከፈለው ተስማማ። ነገር ግን ሥራውን ሳይጀምር ሮስኮ አርበክል ከተባለው ወፍራምና ዝነኛ የፊልም አስቂኝ ጋር ተገናኘ። አርበክልም ፊልም የሚነሣበትን ቤት አሳየው። ኪተን ከሁሉ ነገር ልቡን የሳበው ካሜራው ነበር። ካሜራውን ተውሶ ወደ ማደሪያው ወሰደው፤ ብሎኖቹን እየፈታ ውስጡን ከመረመረ በኋላም መልሶ ገጣጠመው። ከዚያ በኋላ የ250 ዶላሩን ውል ትቶ በሳምንት 40 ዶላር ከአርበክል ጋር ሊሠራ ገባ። ይህን ነገር ሳስብ፣ የሰው ዝንባሌ የሚታወቀው ምን ሊያገኝ እንደሚፈልግ በማየት ሳይሆን ምን ሊተው እንደሚችል በማየት ነው እላለሁ።

በ1918 ዓ.ም. ለጦርነት ተመልምሎ ወደ ፈረንሳይ አገር ተላከ፤ በዚያም ጆሮው ታሞ የመስማት ኃይሉ ቀነሰ። ከተመለሰ በኋላ ጆሴፍ ስኬንክ የተባለው ባለ ገንዘብ የራሱን የፊልም ቤት ከፈተለት። ከ1920 እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ 19 አጫጭር ፊልሞችን፣ ከዚያም እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ 10 ረጃጅም ፊልሞችን በራሱ ሐሳብ ሠራ። የኪተን አሠራር ቀላል ግን አስጨናቂ ነበር። ሰው ሲወድቅ በእውነት መውደቅ አለበት፤ ተመልካቹም ከራስ ፀጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሊያየው ይገባል ብሎ ያምን ነበር። በ1924 ዓ.ም. በሠራው ፊልም ከባቡር ውሃ ማጠራቀሚያ የወረደ ውሃ ገፍቶ በሐዲዱ ላይ ጣለው፤ ራሱን ቢያመውም ሥራውን ቀጠለ። አንገቱ ላይ አጥንት ተሰብሮ እንደ ነበረ ሐኪም የነገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ «ጄኔራሉ» እመጣለሁ። ክላይድ ብራክማን የተባለው የሥራ ጓደኛው አንድ የታሪክ መጽሐፍ አመጣለት። መጽሐፉ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በእውነት የሆነ ነገርን ይተርካል። ኤፕሪል 12 ቀን 1862 ዓ.ም. ጀምስ አንድሩስ የሚመራቸው የሰሜን ወገን ሰዎች ልብሳቸውን ለውጠው ወደ ደቡቡ ግዛት ወደ ጆርጂያ ገቡ፤ ጄኔራል የሚባለውንም የባቡር ጐታች ሰርቀው እየነዱ ሸሹ። ሐሳባቸው በመንገድ ላይ ያለውን ሐዲድና ድልድይ እያፈረሱ፣ የቴሌግራፉንም ሽቦ እየቈረጡ የጠላትን መገናኛ ማጥፋት ነበር። የባቡሩ ኀላፊ መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎም በሌላ ባቡር ተከታተላቸው፤ በመጨረሻም ተያዙ። አንድሩስና ሰባት ጓደኞቹ በስቅላት ተቀጡ። ኪተን ይህን ታሪክ ወስዶ ዋናውን ሰው የደቡብ ወገን ባቡር ነጂ አደረገው።

በፊልሙ ውስጥ ይህ ባቡር ነጂ ሁለት ነገሮችን ይወዳል፤ ባቡሩንና እጮኛውን። ጦርነቱ ሲነሣ ወታደር ለመሆን ይሄዳል፤ ሹሞቹ ግን በባቡሩ ላይ ቢቆይ የበለጠ ይጠቅመናል ብለው ሳይቀበሉት ይቀራሉ። ምክንያቱን ግን የሚነግረው የለም። እጮኛውም ፈሪ መስሏት ታኰርፈዋለች። በኋላ ጠላቶች ባቡሩን ሲሰርቁ እሷም ባቡሩ ውስጥ ነበረች፤ እሱ ግን ይህን ሳያውቅ ባቡሬን ብሎ ብቻውን ያሳድዳቸዋል። የፊልሙ እኩሌታ ወደ ሰሜን ማሳደድ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ባቡሩንና እጮኛውን አስመልሶ ወደ ደቡብ መሸሽ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ የታየው መሰናክል ሁሉ በመልሱ ጉዞ ተገልብጦ ይመጣል። እኔ በፊልሙ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ እንደ ሚዛን የተስተካከለ አሠራሩ ነው።

ኪተን የጥንቱን ዘመን የሚመስል ሐዲድ ፈልጎ በኦሪገን ግዛት ኮቴጅ ግሮቭ በምትባል ከተማ አጠገብ አገኘ። በ1926 ዓ.ም. በበጋው ወራት ሠራተኞቹን ሁሉ ይዞ እዚያ ሰፈረ። ለጦርነቱ ትርኢት የኦሪገን ብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን ሰበሰበ፤ የአንዱንም የሌላውንም ወገን ልብስ እያለበሰ ያሰልፋቸው ነበር። ባቡሮቹ በእንጨት ስለሚሠሩ የሚረጩት የእሳት ፍንጣሪ ጫካውን አቃጠለ፤ ተዋናዮችና ወታደሮች በልብሳቸው እየመቱ እሳቱን ለማጥፋት ተረባረቡ። ኪተን ራሱም በባቡር ላይ የሚሠራውን አደገኛ ነገር ሁሉ ለሌላ ሰው አልሰጠም። በአንድ ስፍራ መንኰራኵሮቹን በሚያያይዘው የብረት ዘንግ ላይ ተክዞ ተቀምጦ ሳለ ባቡሩ ይነሣል፤ ዘንጉም ከፍ ዝቅ እያደረገ ይዞት ይሄዳል። መንኰራኵሩ ድንገት ቢንሸራተት ኖሮ ሊገድለው ይችል ነበር። በሌላ ስፍራ ደግሞ በሚሄደው ባቡር አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ባቀፈው ወፍራም እንጨት በሐዲዱ ላይ የተጋደመውን ሌላ እንጨት መትቶ ያስፈነጥረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትርኢት ግን የድልድዩ መውደቅ ነው። ጁላይ 23 ቀን በወንዝ ላይ በተሠራ የእንጨት ድልድይ እሳት ተለኰሰ፤ በላዩም እውነተኛ የባቡር ጐታች እንዲያልፍ ተደረገ። ድልድዩ ከመካከሉ ተሰብሮ ባቡሩ በእንፋሎትና በጢስ ተሸፍኖ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ይህ ነገር ሊደገም የማይችል ስለ ነበረ ስድስት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ አነሡት። ለዚህች አጭር ትርኢት ብቻ 42,000 ዶላር ያህል እንደ ወጣ ይነገራል። የወደቀው ባቡር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ እስኪፈለግ ድረስ እዚያው ወንዝ ውስጥ ቆየ።

ስለዚህ ፊልም እውነቱን የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ሳይናገር ሊያልፍ አይገባውም። ዋናው ሰው የሚዋጋለት የደቡብ ወገን ጥቍር ሰዎችን በባርነት ለመያዝ የተዋጋ ወገን ነበር። ፊልሙ ስለዚህ ባርነት የሚናገረው የለም። ኪተን ታሪኩን የገለበጠው ተመልካቹ የተሸነፉትን ወገኖች ክፉዎች አድርጎ ማየት አይወድም በማለት ነበር። እኔ ፊልሙን የማደንቀው ለባቡሩ፣ ለሰውየው ጽናትና ለአሠራሩ ጥራት ነው፤ የዝምታውን ጕድለት ግን ጕድለት ብዬ እጠራዋለሁ። አንድን ሥራ መውደድ ማለት እንከኑን መሸፈን አይደለም።

ፊልሙ በኒው ዮርክ የታየው በፌብሩዋሪ 1927 ዓ.ም. ነው። ኪተን ከሠራቸው ሁሉ ይህን አብልጦ ይወደው ስለ ነበር ትልቅ ተስፋ አድርጎ ነበር። የጋዜጣ ተቺዎች ግን ብዙዎቹ አልወደዱትም። አንዳንዶቹ ረጅምና ዘገምተኛ ነው አሉ፤ ሌሎቹ በአስቂኝ ፊልም ውስጥ ሰዎች በጦርነት ሲሞቱ ማሳየት አይገባም ብለው ነቀፉት። ሕዝቡም ቶሎ ቶሎ መሣቅ ለምዶ ስለ ነበረ፣ እኩሌታው ሳቅ እኩሌታው ታሪክ የሆነውን ፊልም ምን ብሎ እንደሚጠራው አላወቀም። ወጪው 750,000 ዶላር ገደማ ሲሆን በአሜሪካ ውስጥ ያስገባው ገንዘብ ግን 500,000 ዶላር እንኳ አልሞላም።

ክስረት በገንዘብ ብቻ ቢቀር ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች እምነታቸው ቀዘቀዘ፤ በሥራውም ላይ ተቈጣጣሪ መጣበት። በ1928 ዓ.ም. በወጣው ፊልሙ ውስጥ የአንድ ቤት ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳለ ሲወድቅበት ይታያል፤ እሱ ግን መስኮቱ በሚያርፍበት ስፍራ ልክ ስለ ቆመ አንዳች ሳይነካው ይተርፋል። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ስለ ነበረው በጥቂት ሣንቲ ሜትር ቢሳሳት ኖሮ ያ ቀን የመጨረሻው በሆነ ነበር። ይህም ፊልም አላተረፈም። ስኬንክ የኪተንን የፊልም ቤት ዘጋና ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ወደሚባለው ታላቅ ኩባንያ እንዲገባ መከረው። ቻርሊ ቻፕሊንና ሃሮልድ ሎይድ እንዳይገባ ቢያስጠነቅቁትም ኪተን ገባ። በኋላ በሕይወቱ ከሠራው ስሕተት ሁሉ ይህ የከፋ መሆኑን ራሱ መስክሯል።

በኩባንያው ውስጥ ሐሳቡ በጽሑፍ ሳይፈቀድለት ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ድንገት እየፈጠረ ይሠራ የነበረ ሰው ሌሎች የጻፉለትን ቃል እንዲያነበንብ ተደረገ። የሚያሳዝነው ነገር፣ እሱ ራሱ የናቃቸው እነዚያ ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ከ«ጄኔራሉ» የበለጠ ገንዘብ ማስገባታቸው ነው። ኪተን እንደ አባቱ በመጠጥ ተያዘ። በ1932 ዓ.ም. ሚስቱ ናታሊ ታልማጅ ፈታችው፤ የሁለቱ ወንዶች ልጆቹም ስም ከኪተን ወደ ታልማጅ ተለወጠ። በ1933 ዓ.ም. ኩባንያው አሰናበተው። ቤቱና ገንዘቡ ሄደ፤ ለሕክምናም ሆስፒታል ገባ። በሳምንት 3,000 ዶላር ይቀበል የነበረው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው ኩባንያ ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች አስቂኞች ቀልድ እያሰበ ይሰጥ ጀመር።

ይሁን እንጂ ሰውየው ወድቆ መነሣትን ከልጅነቱ የተማረ ነበርና ቀስ በቀስ ተነሣ። በ1940 ዓ.ም. ኤሊኖር ኖሪስ የምትባል ወጣት የዳንስ ባለሙያ አገባ፤ እሷም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየችውም። የቀረበለትን ሥራ ትንሽ ትልቅ ሳይል ይሠራ ነበር። በ1947 ዓ.ም. በፓሪስ ሰርከስ ውስጥ ታየ፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የቻፕሊን ፊልም ውስጥም ሁለቱ ታላላቅ አስቂኞች በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ።

በዚህ መካከል ፊልሞቹ እየጠፉ ነበር። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ነገር በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ በሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም እየሟሟ ወደ ዱቄት የሚለወጥ ነው። እንግዲህ አንድ ፊልም ከከሰረና የሚጠብቀው ሰው ከታጣ፣ ሁለተኛው ፍርድ ሳይሰጥ ማስረጃው ይጠፋል ማለት ነው። ደግነቱ ጥቂት ሰዎች ደረሱ። በ1949 ዓ.ም. ጀምስ ኤጂ የተባለው ጸሐፊ በላይፍ መጽሔት ላይ ስለ ጥንቶቹ አስቂኞች ረጅም ጽሑፍ አወጣና የኪተንን ስም አስታወሰ። ተዋናዩ ጀምስ ሜሰን ኪተን ቀድሞ ይኖርበት የነበረውን ቤት ገዝቶ ነበር፤ በዚያም የተቀመጡ የኪተን ፊልሞች ተገኙ። ሬይመንድ ሮሃወር የተባለ የሲኒማ ቤት ኀላፊም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ፊልሞቹን እየሰበሰበ በማይቃጠል አዲስ ፊልም ላይ አስገለበጣቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1960 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የክብር ሽልማት ሰጠው። በ1962 ዓ.ም. የፓሪሱ የፊልም ቤተ መዛግብት ፊልሞቹን ለሕዝብ አሳየ፤ በዚያው ዓመትም «ጄኔራሉ» በጀርመን አገር እንደገና ለሕዝብ ሲቀርብ ኪተን ራሱ አብሮ ዞረ። ፊልሙ ከሰረ ሲባል ገና ያልተወለዱ ወጣቶች በሲኒማ ክበባቸው ደጋግመው እያዩ ይስቁ፣ አንዱም ለሌላው ያወራ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ በካሊፎርኒያ ዐረፈ። በ1972 ዓ.ም. የዓለም የፊልም ተቺዎች በሰጡት ድምፅ «ጄኔራሉ» ከዐሥሩ ምርጦች መካከል ገባ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ እንዲጠበቁ መጀመሪያ ከመረጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ ሆነ።

በ1927 እና በ1962 ዓ.ም. መካከል ምን ተለወጠ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ከፊልሙ አንዲት ትርኢት እንኳ አልተለወጠችም። የተለወጠው ተመልካቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች የፈለጉት ሳምንታዊ ሳቅ ነበር፤ የኋለኞቹ ግን አንድ ሰው ከባድ ብረት፣ እሳትና ወንዝ ይዞ ያለ ማታለል ምን ሊሠራ እንደሚችል አዩ። ዘገምተኛ የተባለው ነገር ለእነሱ ጥንቃቄ ሆኖ ታያቸው። ፈገግ የማይለው ፊትም ችግር ሲመጣበት የማያለቅስና ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ የሚያስብ ሰው ፊት መሆኑ ገባቸው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። ያልተወደደ ሥራ ሁሉ የተደበቀ ወርቅ አይደለም፤ ብዙው ሥራ የሚረሳው ሊረሳ ስለሚገባው ነው። ዘመን ብቻውን መጥፎውን ሥራ መልካም አያደርገውም። «ጄኔራሉ» የተነሣው በመጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ቀጥሎም ጥቂት ሰዎች ሳይጠፋ ስላቈዩት፣ በመጨረሻም ሌሎች የፊተኛውን ፍርድ እንደ ገና ለመመርመር ስለ ፈቀዱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር ባልኖረ ነበር። ኪተንም የዘገየው ምስጋና ሲደርሰው ሠላሳ ምርጥ የሥራ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ያን ጊዜ የሚመልስለት ማጨብጨብ የለም።

ስለዚህ ይህ ታሪክ ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለፈራጁም ምክር ነው እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ የሚከፍለው ሰው አለ። እኛም የጓደኛችንን ሥዕል፣ ድርሰት ወይም የእጅ ሥራ በአንድ ዕይታ ከመናቃችን በፊት ሁለተኛ ጊዜ ብናየው መልካም ነው። የዚህ ፊልም የባለቤትነት መብት ዘመኑ ያለፈበት ስለ ሆነ ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክልከላ ሊያየው ይችላል። አንባቢዬም ዕድሉን ባገኘ ጊዜ ፊልሙን አይቶ ሦስተኛውን ፍርድ ራሱ ይስጥ።